ተራራ ጫፍ ላይ ያለ ኦብዘርቫቶሪን እንዴት መጎብኘት ይቻላል? ከቀን መረጣ እስከ መውረጃው ቁልቁለት

ወደ ተራራ ጫፍ ኦብዘርቫቶሪ (ሰማይ በቴሌስኮፕ ወደሚጠናበት ጣቢያ) የሚደረግ ጉዞ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው ገና ከታች ሳሉ ነው። ጨረቃዋ ስንተኛ ቀኗ እንደሆነ ሳይታይ ቀን ይቆረጣል፤ የጉብኝቱ ዓይነት ሳይጣራ ይመዘገባል፤ ሰውነት ጊዜ ሳይሰጠው ከባሕር ጠረፍ ተነስቶ በሁለት ሰዓት ውስጥ አራት ሺህ ሜትር ላይ ይደርሳል። ከዚያ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ጎብኚው ራሱን ይዞ መኪና ውስጥ ይቀመጣል፤ ወይም ሙሉ ጨረቃ ከዋክብቱን አደብዝዛበት ይመለሳል። ከዚህ በታች ያለው መመሪያ ነገሮቹን በሚሠሩበት ቅደም ተከተል ይዘረዝራል። ጉብኝቱን የሚወስኑት ከፍታውና ጨለማው ስለሆኑ እነሱ ላይ ረዘም አድርገን እንቆያለን።

1. የትኛውን ጉብኝት ነው የሚፈልጉት?

ኦብዘርቫቶሪ ሁሉ ማታ ዓይንን አስጠግቶ ሰማይ የሚታይበት አይደለም። ዛሬ ምርምር የሚካሄድባቸው ግዙፍ ቴሌስኮፖች በመደበኛ ሥራቸው የሰው ዓይን አይጠጋቸውም። የሰበሰቡት ብርሃን የሚሄደው ወደ ካሜራና ብርሃንን በቀለማቱ ከፋፍሎ ወደሚለካው መሣሪያ፣ ወደ ስፔክትሮግራፍ ነው። ተመራማሪዎቹ ራሳቸው እንኳ ሌሊቱን የሚያሳልፉት በመቆጣጠሪያ ክፍል፣ አንዳንዴም ከተራራው ግርጌ ባለ ከተማ፣ ኮምፒውተር ፊት ነው። ይህን ሳያውቁ "በትልቁ ቴሌስኮፕ ሳተርንን አያለሁ" ብለው የሚወጡ ብዙ ናቸው፤ ሐዘናቸውም ትልቅ ነው።

ምርጫው በጥቅሉ ሦስት ዓይነት ነው።

የመጀመሪያው የቀን ጉብኝት ነው። ቴሌስኮፑን፣ ጉልላቱን፣ መቆጣጠሪያ ክፍሉን ያያሉ፤ ኮከብ ግን አያዩም። ቺሌ ውስጥ 2,635 ሜትር ላይ ያለው ፓራናል፣ እያንዳንዳቸው 8.2 ሜትር መስታወት ያላቸው አራት ቴሌስኮፖች የቆሙበት፣ ጎብኚ የሚቀበለው ቅዳሜ ቀን፣ በነጻና ቀድሞ ለተመዘገበ ሰው ነው። እዚያው ቺሌ ያለው የአልማ (ከሰማይ የሚመጣ የሬዲዮ ሞገድ የሚቀበሉ አንቴናዎች ስብስብ) ጉዳይ ደግሞ የተለየ ነው። 66ቱ አንቴናዎቹ የተተከሉት 5,000 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነ ሕዝብ ወደ እነሱ አይወጣም፤ ጉብኝቱ የሚካሄደው 2,900 ሜትር ገደማ ላይ ባለው የሥራ ማዕከል ነው። አንቴናዎቹን በቅርብ አያለሁ ብሎ ያሰበ ይህን ቀድሞ ይወቅ።

ሁለተኛው የማታ ምልከታ ነው። በመጠነኛ ቴሌስኮፕ፣ ብዙ ጊዜ ከ40 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው፣ በአስረጂ እየታገዙ በዓይንዎ ያያሉ። በጡረታ ላይ ያሉ ጥንታዊ ግዙፎችም ለዚህ ይከፈታሉ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ማውንት ዊልሰን ላይ በ1908 ሥራ የጀመረው የ1.5 ሜትርና በ1917 የተጠናቀቀው የ2.5 ሜትር ቴሌስኮፕ ለሕዝብ ምልከታ የሚውሉባቸው ሌሊቶች አሉ። የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ኤድዊን ሀብል አንድሮሜዳ ከእኛ ጋላክሲ ከፍኖተ ሐሊብ ውጭ ያለ ራሱን የቻለ ጋላክሲ መሆኑን ያረጋገጠው በዚህ በ2.5 ሜትሩ በተነሱ ፎቶዎች ነው። እዚያው ካሊፎርኒያ ባለው በሊክ ኦብዘርቫቶሪም በ1888 የተከፈተው 91 ሴንቲ ሜትር ሌንስ ያለው ቴሌስኮፕ በተወሰኑ የበጋ ምሽቶች ለጎብኚ ይከፈታል።

ሦስተኛው ጀንበር ስትጠልቅ ከጫፍ ሆኖ ማየትና ከዋክብቱን ዝቅ ብሎ ካለው የጎብኚዎች ማዕከል መመልከት ነው። የሃዋዩ ማውና ኬያ ዋና ምሳሌው ነው፤ ጫፉ ከምሽት በኋላ ለሕዝብ ዝግ ነው።

አንድ ቀን ብቻ ያለው ሰው ሁለተኛውን ቢመርጥ ይሻላል እንላለን። ግዙፉን ቴሌስኮፕ በፎቶም በቪዲዮም ማየት ይቻላል፤ ከጨለማ ተራራ ላይ በ50 ሴንቲ ሜትር መስታወት የሚታየውን የኮከብ ክምችት ግን ምንም ምስል አይተካውም።

ሲመዘገቡ እነዚህን ይጠይቁ፦ ዝቅተኛው ዕድሜ ስንት ነው? ማንኛውም መኪና ይወጣል ወይስ ባለ አራት ጎማ ኃይል ብቻ? ደመና ከሆነ ገንዘብ ይመለሳል፣ ቀን ይቀየራል ወይስ ንግግር ብቻ ይሰጣል? ወደ መመልከቻው የሚወጣው በመሰላል ነው? (ጉልበት ለሚያመው ወይም በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድ ይህ ዋናው ጥያቄ ነው።) መጸዳጃ ቤት እስከየት ድረስ አለ? የሬዲዮ አንቴናዎች ባሉበት ስልክ ማጥፋት ግዴታ ነው? የመጨረሻው ጥያቄ ቀልድ አይደለም። አንቴናዎቹ የሚያዳምጡት እጅግ ደካማ ሞገድ ስለሆነ አንድ ስልክ በአጠገባቸው መረበሽ ይችላል።

2. ቀኑን በጨረቃ ይቁረጡ

ለማታ ምልከታ ከሁሉ በፊት የሚከፈተው የጨረቃ ሰሌዳ ነው። ሙሉ ጨረቃ ሰማዩን በሙሉ ስለምታበራው ፍኖተ ሐሊብ ይጠፋል፤ ኔቡላዎችና (በከዋክብት መሐል ያሉ የጋዝና የአቧራ ደመናዎች) ጋላክሲዎችም በቴሌስኮፕ ሳይቀር ይደበዝዛሉ። ጥሩዎቹ ሌሊቶች ጨረቃ እየጎደለች ግማሽ ከሆነችበት ቀን ጀምሮ አዲስ ጨረቃ ከወጣች በኋላ እስከ ሦስተኛው ቀን ያሉት ናቸው። እየጎደለች ያለችው ግማሽ ጨረቃ የምትወጣው እኩለ ሌሊት አካባቢ ስለሆነ የምሽቱ ክፍል ጨለማ ነው፤ የሦስት ቀኗ ቀጭን ጨረቃ ደግሞ ጀንበር ከጠለቀች ከሁለት ወይም ከሦስት ሰዓት በኋላ ትገባለች።

ከእነዚህ ቀናት አንዱን ማግኘት ካልተቻለ ሌላ መላ አለ። ጨረቃ በየቀኑ በአማካይ 50 ደቂቃ ያህል ዘግይታ ትወጣለች። ስለዚህ ሙሉ ጨረቃ ካለፈች ከአራት ወይም ከአምስት ቀን በኋላ ከምሽቱ የመጀመሪያ ሦስት ሰዓት ገደማ በጨለማ መጠቀም ይቻላል። ዓላማው ራሷን ጨረቃን ማየት ከሆነ ግን እየሞላች ያለችውን ግማሽ ጨረቃ ይምረጡ። በብርሃንና በጥላ ድንበር ላይ ያሉት ጉድጓዶችና ተራሮች ረጅም ጥላ ስለሚጥሉ ያኔ ጎልተው ይታያሉ። በሙሉ ጨረቃ ጥላው ስለሚጠፋ ገጹ ጠፍጣፋ ይመስላል።

ፀሐይ ስትጠልቅ ጨለማው ወዲያው አይመጣም። ሰማዩ ሙሉ በሙሉ የሚጨልመው ፀሐይ ከአድማስ በታች 18 ዲግሪ ስትወርድ ነው፤ በምድር ወገብ አካባቢ ይህ ከ70 እስከ 75 ደቂቃ ይፈጃል። ከወገብ በራቁ አገሮች ይረዝማል፣ በጣም በራቁት ደግሞ በበጋ ሌሊቱን ሙሉ ላይመጣ ይችላል። ፕሮግራሙ ጀንበር እንደጠለቀች ጀምሮ በአንድ ሰዓት የሚያልቅ ከሆነ የሚታዩት ፕላኔቶችና ደማቅ ከዋክብት ብቻ ናቸው፤ ዘግይቶ የሚጀምረውን ይያዙ።

የፍኖተ ሐሊብ ደማቁ መሐል በምሽት ከፍ ብሎ የሚታየው ከሰኔ እስከ መስከረም፣ የኦሪዮን ኔቡላ ደግሞ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ነው።

ደመናን በተመለከተ ሁለት ነገር ይያዙ። አንደኛ፣ ብዙ ሌሊት በአካባቢው የሚቆዩ ከሆነ ምልከታውን በመጀመሪያው ሌሊት ያስይዙ፤ ቢዘጋ የሚለወጥበት ቀን ይተርፋል። ሁለተኛ፣ ከተማው በደመና መሸፈኑ ጫፉ መሸፈኑን አያሳይም። ኦብዘርቫቶሪዎች ተራራ ላይ የሚሠሩበት አንዱ ምክንያት ቀዝቃዛው አየር ከሞቃቱ ሥር ታፍኖ ደመናውን ከጫፉ በታች ስለሚይዘው ነው። በስፔኗ ደሴት ላ ፓልማ ላይ 2,396 ሜትር ከፍታ ባለው ሮኬ ዴ ሎስ ሙቻቾስም ሆነ በማውና ኬያ ብዙ ጊዜ ደመናው እንደ ባሕር ከእግር በታች ተኝቶ ይታያል። ከመሰረዝዎ በፊት የኦብዘርቫቶሪውን የቀጥታ ካሜራ ይመልከቱ ወይም ይደውሉ። በተቃራኒው ሰማዩ ጥርት ብሎም ጉልላቱ ሊዘጋ ይችላል፦ ነፋሱ ከበረታ ወይም እርጥበቱ ጤዛ እስከሚያመጣ ከጨመረ መስታወቱን ለመጠበቅ አይከፈትም። በዚህ ከአስረጂው ጋር መከራከር አያስፈልግም።

3. ሰውነትን ለከፍታ ማዘጋጀት

ላይ ያለው አየር ውስጥ የኦክስጅን ድርሻ ያው 21 በመቶ ነው። የሚቀንሰው የአየሩ ግፊት ሲሆን፣ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን አብሮት ይቀንሳል። በ2,400 ሜትር በባሕር ጠለል ካለው 75 በመቶ ያህሉ፣ በ4,200 ሜትር ደግሞ 60 በመቶ ያህሉ ይቀራል። የከፍታ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ ከ2,500 ሜትር በላይ ይጀምራል። ስፖርተኛ መሆን አይከላከለውም። እንዲያውም ጉልበተኛው ወጣት ደረጃውን እየሮጠ ስለሚወጣ ቀድሞ ይያዛል። ከፍ ባለ ቦታ የኖረ ሰው የተወሰነ ብልጫ አለው፤ አራት ሺህ ሜትር ላይ ግን እሱም ጥንቃቄ ያስፈልገዋል።

ከጉብኝቱ በፊት ባለው ሌሊት ከ1,500 እስከ 2,500 ሜትር ባለ ቦታ ማደር ከተቻለ ይደሩ። ካልተቻለ በመንገድ መሐል ይቁሙ። በማውና ኬያ የጎብኚዎች ማዕከሉ 2,800 ሜትር ላይ ነው፤ ወደ 4,207 ሜትሩ ጫፍ የሚወጣ ሁሉ እዚያ ቢያንስ 30 ደቂቃ እንዲቆይ ይመከራል። አንድ ሰዓት ቢሆን የበለጠ ይሻላል። ይህ ቆይታ ሰውነትን ሙሉ በሙሉ አያለማምድም፤ ለዚያ ቀናት ይፈጃል። የሚጠቅመው ራስ ምታት ወይም ማቅለሽለሽ የሚጀምረው ሰው መኖሩን ቀድሞ ስለሚያሳይ ነው። እዚያ ያመመው ሰው ከዚያ በላይ አይውጣ። ትልቁ መከላከያ ጫፍ ላይ ያለውን ጊዜ ማሳጠር ነው። ሕመሙ ብዙ ጊዜ ከሰዓታት በኋላ ስለሚገለጥ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ቆይቶ የሚወርድ ሰው ከሚያድረው ይልቅ የተጠበቀ ነው።

ደረቁ አየር ውኃ ስለሚመጥ በየጊዜው ውኃ ይጎንጩ። በዋዜማውም ሆነ በዕለቱ መጠጥ አይጠጡ። ምግቡ ቀለል ያለ ይሁን፣ ሆድ የሚነፋውን ይተዉ፤ ሆድ ውስጥ ያለ ጋዝ 4,200 ሜትር ላይ ከታች ከነበረው ከግማሽ በላይ ይሰፋልና። የታሸገ የምግብ ከረጢት ተነፍቶ ሊፈነዳ የሚደርሰውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ የሎሽንና የመድኃኒት ብልቃጦችንም ሲከፍቱ ከፊት አርቀው ይክፈቱ።

የልብ ወይም የሳንባ ሕመም፣ ከባድ የደም ማነስ፣ የቅርብ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ያለበት ሰውና ነፍሰ ጡር ከፍ ወዳለው ጫፍ ከመውጣታቸው በፊት ሐኪም ያማክሩ። ማውና ኬያን በመሳሰለ ቦታ ደግሞ ባይወጡ ይመረጣል። ትንንሽ ሕፃናትም እንዲሁ፤ ሕፃን ራሱን እንዳመመው መናገር አይችልም። በአየር ታንክ ከባሕር ሥር የጠለቀ ሰው 24 ሰዓት ሳይሞላው መውጣት የለበትም። በደሙ የቀረው ናይትሮጅን ግፊቱ ሲቀንስ አረፋ ሊሠራ ይችላል። ደሴት ላይ ባሉ ኦብዘርቫቶሪዎች ጠዋት ጠልቆ ማታ ተራራ መውጣት ለብዙ ቱሪስት የሚያጓጓ ዕቅድ ነው፤ አደገኛም ነው።

ጫፍ ላይ ሲደርሱ በቀስታ ይራመዱ፤ እያወሩ መሄድ ካቃተዎት ፈጥነዋል ማለት ነው። ቀላል ራስ ምታትና ትንፋሽ ማጠር የተለመደ ነው። ራስ ምታቱ ከበረታ፣ ማስመለስ ከመጣ፣ ወይም ሰውየው ግራ የተጋባ ከመሰለ ቀጥ ባለ መስመር ላይ ተረከዙን ከጣቱ እያገናኘ እንዲራመድ ያድርጉ። ከተንገዳገደ አንጎሉ ተነክቷልና ወዲያውኑ ይውረድ፤ "ትንሽ ልረፍ" የሚለውን አይቀበሉት። እያረፈ ሳለም ትንፋሽ የሚያጥረው፣ የሚያስለው ወይም ከንፈሩ የሚጠቁር ሰውም እንዲሁ። የከፍታ ሕመም ዋናው መድኃኒት መውረድ ነው። የታመመው ሰው ደግሞ መኪና አይንዳ።

ብዙዎች የማያውቁት ሌላ ጉዳይ አለ። የዓይን ብርሃን ተቀባይ ስስ ሽፋን ኦክስጅን በብዛት ከሚፈልጉ የሰውነት ክፍሎች አንዱ ነው። ስለዚህ 4,200 ሜትር ላይ ሰማዩ ይበልጥ ጥርት ያለ ቢሆንም ዓይን ደካማ ከዋክብትን የማየት አቅሙ ይቀንሳል። ለባዶ ዓይን 2,800 ሜትር ላይ የሚታየው ሰማይ ብዙ ጊዜ ከጫፉ ይበልጣል። ወደ ጫፉ መግባት ስለተከለከለ የቀረብዎት ነገር ያለ አይምሰልዎ። ሲጋራም በደም የሚሄደውን ኦክስጅን ስለሚሻማ ከምልከታው በፊት ባሉት ሰዓታት ባይጨስ ጥሩ ነው።

4. ልብስና ጓዝ

በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ይወርዳል። ባሕር ዳርቻው 28 ዲግሪ ሆኖ ሳለ 4,200 ሜትር ላይ 1 ዲግሪ ሊሆን ይችላል፤ ነፋስ ሲጨመርበት ከዚያ ይብሳል። ዜሮ ዲግሪ ላይ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ቆዳ ላይ እንደ -7 ዲግሪ ይሰማል። ማታ ምልከታ ደግሞ ቆሞ መጠበቅ ስለሆነ እንደ ተራራ ወጪ እየተራመዱ አይሞቁም፤ ለእግር ጉዞ ከሚለብሱት አንድ ድርብ ይጨምሩ። ጉልላቱም አያስጠልልም፤ ለምን እንደማይሞቅ ቆየት ብለን እናያለን።

ከሥር ላብ የማይዝ ልብስ፣ ከላዩ ሹራብ ወይም ፍሊስ፣ ከላይ ነፋስ የማያስገባ ጃኬት። ኮፍያው ጆሮ የሚሸፍን ይሁን። ጓንት ሁለት ድርብ፦ ካሜራ ለመንካት ስስ፣ ለመቆም ወፍራም። ቅዝቃዜው በብዛት የሚገባው ከእግር በኩል ነውና ወፍራም ካልሲና ወፍራም ሶል ያለው የተሸፈነ ጫማ ያድርጉ። ቀን ከሆነ የፀሐይ መነጽርና ክሬም አይርሱ፤ ቆዳ የሚያቃጥለው አልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ሽቶ ወይም ጸጉር ላይ የሚረጭ ነገር ባይቀቡ ይመረጣል፤ በጠባብ ጉልላት ውስጥ ትንፋሽ ላጠረው ሰው ይከብዳል።

5. መንገዱ

መጀመሪያ የተከራዩትን መኪና ውል ያንብቡ። አንዳንድ ውል ያልተነጠፈ መንገድን በስም ይከለክላል፤ መኪናው እዚያ ቢበላሽ ኢንሹራንስ አይሸፍንም። ነዳጅ ከግማሽ ታንክ በላይ ይሁን፤ ጫፍ ላይ ማደያ የለም። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ስለሚያጣ ከማዕከሉ በላይ መኪናው ቢለግም አይደንግጡ፤ ማርሽ ይቀንሱ፣ የሙቀት መለኪያውን ይከታተሉ። በማውና ኬያ ከጎብኚዎች ማዕከሉ በላይ 7 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው መንገድ ቀጥ ያለ ጠጠራማ ዳገት ነው። ባለ አራት ጎማ ኃይል መኪና የሚጠየቀው ለመውጣት ብቻ ሳይሆን በከባድ ማርሽ ቀስ ብሎ ለመውረድ ጭምር ነው።

ፒክ ዱ ሚዲን (2,877 ሜትር፣ ፈረንሳይ) በመሰለ በገመድ መኪና በሚወጣበት ቦታ ይህ ሁሉ ይቀራል። እዚያ የሚያስፈልገው የመጨረሻውን መውረጃ ሰዓት ማወቅ ወይም ማደሪያውን ቀድሞ መያዝ ነው።

ለማታ ምልከታ የሚመጡ ከሆነ ገና በቀን ብርሃን ሳሉ መኪናውን አፍንጫው ወደ መውጫው ዞሮ ያቁሙ። ማታ ወደ ኋላ ሲነዱ የሚበራው ነጭ መብራት የሌላውን ሰው ሁሉ ዓይን ያበላሻል። በሩ ሲከፈት የሚበራውን የውስጥ መብራት ያጥፉ። በሪሞት ሲቆልፉ ፍሬቻው ብልጭ ስለሚል በቁልፍ ይቆልፉ። መንገድ ላይ ግን መብራት አጥፍቶ መንዳት አይገባም፤ አጭሩን መብራት ይዘው በዝግታ ይምጡ፣ ከዚያ አስተናጋጁ በሚለው ቦታ ያጥፉ።

6. ጨለማን መጠበቅ

ዓይን ከብርሃን ወደ ጨለማ ሲገባ በመጀመሪያው 10 ደቂቃ ትንሽ ይለምዳል። ደካማ ብርሃን የሚያዩት የዓይን ህዋሳት ግን ሙሉ አቅማቸው የሚደርሰው ከ20 እስከ 40 ደቂቃ ነው፤ ምክንያቱም ብርሃን የሰበረው ሮዶፕሲን የሚባለው ንጥረ ነገር እንደገና የሚሠራው በዝግታ ነው። አንድ ጊዜ የስልክ መብራት ፊት ላይ ከበራ ልምምዱ ከሞላ ጎደል እንደገና ይጀመራል። የምልከታ አስረጂዎች "ስልክ አጥፉ" ብለው ደጋግመው የሚለምኑት ለዚህ ነው። አንድ ሰው መልእክት ሲያነብ ሃያ ሰው ግማሽ ሰዓቱን ያጣል።

ሮዶፕሲን ለቀይ ብርሃን ደንታ ስለሌለው ቀይ የእጅ ባትሪ ይፈቀዳል። ከሌለዎት ተራውን ባትሪ በቀይ ፕላስቲክ ሁለት ሦስት ጊዜ ይሸፍኑት። ቀይነቱ ብቻ አይበቃም፤ ደማቅ ቀይም ይጎዳል። እግርዎን የሚያሳይዎት ያህል ብቻ ይሁን፣ ወደ መሬት ይደቅኑት፣ ወደ ሰው ፊት በጭራሽ። አረንጓዴ ሌዘር ይዘው አይምጡ። ሰማይን ለማሳየት የሚጠቀምበት አስረጂው ብቻ ነው፤ ምርምር ለሚያደርጉ ቴሌስኮፖችም ለአውሮፕላን አብራሪዎችም ችግር ነው። ከአንዳንድ ግዙፍ ቴሌስኮፖች የሚወጣው ብርቱካናማ ጨረር ሌላ ነገር ነው፦ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለውን የሶዲየም ሽፋን አብርቶ ሰው ሠራሽ ኮከብ ይፈጥራል፤ የአየሩን መወዛወዝ ለክቶ ምስሉን ለማስተካከል ያገለግላል።

7. ቀን፣ ጉልላቱ ውስጥ

ሲገቡ ብርዱ ይገርምዎታል። ጉልላቱ ቀኑን ሙሉ የሚቀዘቅዘው ማታ ሲከፈት ከውጭው አየር እኩል እንዲሆን ነው። ውስጡ ሞቆ ቢያድር ሞቃቱ አየር በመክፈቻው ሲወጣ ይወዛወዛል፣ የኮከቡም ምስል ይፈርሳል። የብዙ ሰው የሰውነት ሙቀት እንኳ ስለሚታወቅ ጎብኚ ከመስታወት ጀርባ ቆሞ እንዲያይ የሚደረግባቸው ቦታዎች አሉ።

አስረጂው ካላነሳው እነዚህን ይጠይቁ። መስታወቱ ብርሃን የሚመልሰው በምንድን ነው? አብዛኛውን ጊዜ 100 ናኖ ሜትር ገደማ ውፍረት ባለው የአሉሚኒየም ሽፋን ነው፤ በየተወሰነ ጊዜ ታጥቦ፣ አሮጌው ተነስቶ፣ አየር በተመጠጠበት ግዙፍ በርሜል ውስጥ እንደገና ይቀባል። በርሜሉ ያለበትን ክፍል ማየት ከተቻለ አይለፍዎት። መስታወቱ ራሱን እንዴት ይሸከማል? የፓራናል 8.2 ሜትር መስታወቶች ውፍረታቸው 17.5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ ከሥር 150 የሚሆኑ ገፊዎች ቅርጹን ያለማቋረጥ ያስተካክላሉ። ላ ፓልማ ያለው ግራን ቴሌስኮፒዮ ካናሪያስ ደግሞ 10.4 ሜትሩን ያገኘው 36 ባለ ስድስት ጎን ቁራጮችን በማጋጠም ነው። በሊክ ሌላ ብልሃት አለ፤ ቴሌስኮፑ ወደ ላይና ወደ ታች ሲያዘነብል ተመልካቹ እንዲደርስበት ወለሉ በሙሉ 5 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ገንዘቡን የሰጠው ጄምስ ሊክም የተቀበረው በዚሁ ቴሌስኮፕ ምሰሶ ሥር ነው።

ኮፍያ፣ መነጽር፣ ስልክ በማሰሪያ ይያዙ ወይም ኪስ ውስጥ ይዝጉ፤ ከላይኛው መተላለፊያ የወደቀ ነገር መስታወት ላይ ሊያርፍ ይችላል። አጥሩን አይደገፉ። ጉልላቱ ሲዞር የትኛው ክፍል አብሮ እንደሚዞር ሁልጊዜ ግልጽ አይደለም።

8. ማታ፣ ቴሌስኮፑ ፊት

ተራዎ ሲደርስ እጅዎን ወደ ኋላ አድርገው ይጠጉ። ዓይን የሚያርፍበትን ቱቦ ከያዙት ቴሌስኮፑ ይነቃነቃል፣ ዒላማውም ይጠፋል። ቀስ ብለው ዓይንዎን ያቅርቡ፤ የብርሃን ክብ ሲታይ ይቁሙ። ሌላኛውን ዓይን መጨፈን የሚቸገር፣ በተለይ ልጅ፣ በእጁ ይሸፍነው። መነጽር ያደረገ ሰው ለቅርብ ወይም ለሩቅ እይታ ብቻ ከሆነ ሊያወልቀው ይችላል፤ ቴሌስኮፑ ለእሱ ዓይን ይስተካከልለታል። አስቲግማቲዝም (የዓይን ፊት ጥምዝ እኩል አለመሆን) ያለበት ግን መነጽሩን አድርጎ ይመልከት። ምስሉ ከደበዘዘ ዝም ብለው አይለፉ፤ ለአስረጂው ይንገሩት፣ ማስተካከያው አንድ ንክኪ ነው።

ከዚያ ይቆዩ። ቢያንስ 30 ሰከንድ፣ ተራው ከፈቀደ አንድ ደቂቃ። አየሩ እየተወዛወዘ ሳለ ለቅጽበት የሚረጋበት ጊዜ አለ፤ የሳተርን ቀለበት ክፍተትና የጁፒተር መቀነቶች ቁልጭ የሚሉት በዚያች ቅጽበት ነው። ለደካማ ነገር ደግሞ በቀጥታ አይመልከቱት። በቀኝ ዓይን የሚያዩ ከሆነ እይታዎን ትንሽ ወደ ቀኝ፣ በግራ ከሆነ ወደ ግራ ሸሸት አድርገው ጎኑን ይመልከቱ፤ ደካማ ብርሃን የሚለዩት ህዋሳት የበዙት ከዓይን መሐል ውጭ ነው፣ በተቃራኒው አቅጣጫ ደግሞ ዕውር ነጥብ አለ።

የሚታየው ነገር በካሜራ እንደተነሳው በቀለም ያሸበረቀ አይሆንም። ጋላክሲ ግራጫ ጭጋግ ነው። ይህን አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው አይከፋም፦ ያ ጭጋግ አንድሮሜዳ ከሆነ ዓይኑ ላይ ያረፈው ብርሃን 2.5 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ተጉዟል። 60 ሴንቲ ሜትር መስታወት ጨለማ ከለመደ ዓይን ከ7,000 ጊዜ በላይ ብርሃን ይሰበስባል፤ ይህን አቅም የሚያወጡ ዒላማዎች እንዲታዩ ይጠይቁ። በሰሜን ሰማይ ኤም 13፣ በደቡብ ኦሜጋ ሴንታውሪ የተባሉት ክብ የኮከብ ክምችቶች በጠራ ሌሊት እስከ መሐላቸው ድረስ ወደ ነጠላ ነጥቦች ይበተናሉ። አልቢሬዮ የሚባለው ድርብ ኮከብ ወርቃማና ሰማያዊ ቀለሙ በግልጽ ይታያል። ዝቅ ብሎ ከአድማስ 30 ዲግሪ በታች ያለ ነገር ግን ብዙ አየር ስለሚያቋርጥ ይወዛወዛል፤ ከፍ ያለውን ያስቀድሙ።

9. ፎቶ

ፍላሽና ካሜራው ላይ ለማነጣጠር የሚበራው ትንሽ መብራት ከቤት ሳሉ ይጥፉ፤ ጨለማ ውስጥ ማውጫውን እየፈለጉ ማጥፋት ራሱ ብርሃን ነው። ትራይፖድ ላይ ሰፊ ሌንስ፣ ኤፍ 2.8፣ አይኤስኦ 3200፣ 15 ወይም 20 ሰከንድ ጥሩ መነሻ ነው። ከዋክብት መስመር እንዳይሠሩ 500ን ለሌንሱ ርዝመት ያካፍሉ፦ በ24 ሚሊ ሜትር 20 ሰከንድ ያህል ይሆናል፤ ፒክስሉ የበዛ ካሜራ ከዚያም ያሳጥር። ፎከሱን በደማቅ ኮከብ ላይ በእጅ ያስተካክሉ። መጫኑ እንዳያንቀጠቅጠው የ2 ሰከንድ መዘግየት ይጠቀሙ። ትርፍ ባትሪውን የውስጥ ኪስ ውስጥ ይያዙ፤ ብርድ ቶሎ ይጨርሰዋል። ወደ ምልከታው ወረፋ ሲገቡ ግን ካሜራውን ይዝጉት።

10. መውረድ

አደጋ የሚበዛው እዚህ ላይ ነው፤ ሹፌሩ ደክሟል፣ ኦክስጅን ተርቧል፣ ፍሬኑም ይግላል። የወጡበትን ወይም ከዚያ የከበደ ማርሽ ይያዙ፤ አውቶማቲክ መኪናም ቢሆን ዝቅተኛውን ማርሽ በእጅ ያስገቡ። ፍሬን ያለማቋረጥ ከመርገጥ ጠንከር አድርጎ ይዞ ፍጥነቱን መቀነስና መልቀቅ ይሻላል። የተቃጠለ ሽታ ከመጣ ወይም ፔዳሉ ወደ ታች ከሰመጠ ጥግ ይዘው ቢያንስ 20 ደቂቃ ይጠብቁ። ውኃ አያፍስሱበት፤ የጋለ ብረት ሊሰነጠቅ ይችላል።

በደመናው ውስጥ ሲያልፉ ረጅሙ መብራት ጭጋጉን ስለሚያነጣው አጭሩን ይጠቀሙ። በመሐል ባለው ማዕከል ቆመው ሁሉም ሰው እንዴት እንደሆነ ይጠይቁ። ራስ ምታት ዝቅ ሲሉ መቀነስ አለበት። ታች ደርሶም የሚያስለው፣ የሚደናገር ወይም መንገዳገዱ ያልተወው ሰው ካለ ወደ ማረፊያው ሳይሆን በቀጥታ ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ። ካሜራውን ደግሞ ሞቃት ክፍል ከመግባትዎ በፊት በፕላስቲክ ከረጢት አጥብቀው ይዝጉት፤ እስኪሞቅ ሁለት ሰዓት ያህል ሳይከፍቱት ይተዉት፣ አለዚያ እርጥበቱ ሌንሱ ውስጥ ይገባል።